ለጋውና ቁልፍ የመጣው ጥርስ

ሌቩካ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2019

ለተከበሩት አጎቴ ለናሳኒዬሊ፣

እንዴት ሰነበቱ? እግዚአብሔር እርስዎንም አክስቴ ሎሳናንም በዚያ በብሪዝበን ሙቀት ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። አባቴ እንደ ወትሮው የዓሣ ፋብሪካውን ቦይለር ሲጠብቅ ይውላል፣ ማታ ማታ ጉልበቱን ያሻል፣ ስለ ጉልበቱ ሲጠይቁት ይቆጣል።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ላሳጥረውና ወደ ወሬዬ ልግባ፣ ምክንያቱም ከሳምንት በፊት ጀምሮ ለመጻፍ እጄ ሲበላኝ ነበር። ሰዓቱ ያለ አንድ ስሕተት ዞረ! ባለፈው እሑድ የበጋው ሰዓት አቆጣጠር አብቅቶ የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ፣ የጀልባዎቹ ገጽ፣ የክሊኒኩ ቀጠሮ፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያው ገጽ፣ ሁሉም እኩል ተመለሱ። እኔ ከላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ አንድ በአንድ እየከፈትኩ አየሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄድኩም፤ ቄሱ ታምሜ መስሏቸው ልጅ ልከው ነበር።

አጎቴ፣ ዲሴምበር ላይ ተመርቄ ስደውልልዎ፣ «እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ፤ የእህት ልጅ ከእናቷ ወንድም ቤት ዓይኗ ያረፈበትን አንሥታ ብትሄድ ማንም አይከለክላትም፤ እንግዲህ ጋውናን ወስጃለሁ» ያልኩዎ ለቀልድ ነበር። የቁልፉን አርባ ፊደል በእጅዎ ጽፈው በፖስታ ይልኩልኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።  እናቴ ብትኖር ምን ትል እንደነበር አስባለሁ።

አባቴ ሰሞኑን እራት ላይ፣ «ለመሆኑ ይሄ የያዝሽው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋውና የሚባል ኮድ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉ የደሴቶቹን ሰዓትና ቀን የማስላቱን ጣጣ ከባዶ እንዳይጽፍ፣ አጎቴ አንድ ጊዜ ጽፈው ማንም በነፃ እንዲወስደው ያስቀመጡት። ላይብረሪ ነው የሚባለው። ቁልፉን የያዝኩት እኔ አንድ ቦታ ሳስተካክል፣ የወሰዱት ሁሉ ዘንድ ራሱ ይስተካከላል።»

«ራሱ? ሳይጠይቃቸው?»

«ሳይጠይቃቸው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እንዲህ ያለ ነገር እኔ ቤት ባይገባ ይሻለኝ ነበር» አለና ካሳቫውን መብላት ቀጠለ።

ሌላው ወሬ፣ የኦክላንድ አንድ መሥሪያ ቤት «ጋውናን የሚጠብቀውን ሰው ማነጋገር እንፈልጋለን» ብሎ ጽፎልኛል። የሥራ ቃለ መጠይቁ ሜይ ላይ ነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእርስዎ ብቻ ነው። ስለ እኔ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ?

የአባቴ እህት ልጅ ኤሮኒም ከሱቫ መጥቶ ነበር። አሁን በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ትልቅ ወንበር ይዟል። እንደ ልማዳችን ስንሰዳደብ ዋልን። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሰዓት ጠጋኝ ሆነሽ ቀረሽ?» አለኝ። «አንተስ ያን ሁሉ ሸሚዝ ገዝተህ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጣፊ ሆነህ አልቀረህም?» አልኩት። አባቴ እንኳ ሳቀ። ከዚያ ኤሮኒ፣ «ስንት ገጽ ውስጥ ገብቷል ይሄ ነገርሽ?» አለ። አራት ሺህ ገደማ ስለው ስድቡን ትቶ ቁጥሩን እንደገና ጠየቀኝ። ኤሮኒ ስድብ ሲተው አይቼው አላውቅም ነበር።

የእህትዎ ልጅ፣
ሴኒሚሊ

ብሪዝበን፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019

ለእህቴ ልጅ ለሚሊ፣

የጌታ ሰላም ከአንቺና ከአባትሽ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ በአሥራ ሰባት ቀኑ ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን፤ ዓይኔ ብቻ ከሰዓት በኋላ ፊደሎቹን ያደባልቅብኛል። ቁልፉን የላክሁልሽ ለዚህ ነው እንጂ ቀልድሽን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይሁንና ከቀለድሽ በኋላ እምቢ ማለት አልችልም ነበር፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሁለት ነገር ላዝዝሽ። አንደኛ፣ ስለ ቁልፉ በኢሜይል አንድ ቃል እንዳትጽፊ። የኢሜይል ሳጥኔን የከፈተ ሰው «ቁልፌ ጠፋብኝ» ብሎ አዲስ ማስወጣት ይችላል። በስልክም አይሆንም፤ እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁን ከፍታችሁ አስቀምጣችሁ፣ አባትሽም ጎረቤትም ዳቦ ሊገዛ የመጣም ነው የሚሰማው። ወረቀት ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋ መሆኑ ለእኔ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር ከመልቀቅሽ በፊት ሦስት ቀን አስቀምጪው። የማልነግረው ነገር ነበር፤ ልንገርሽ። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት የመቀነስ ምልክት ረሳሁ። አንዲት ጭረት! የኮሮ ደሴት ሰዎች ጀልባዋ ከሄደች በኋላ ወደቡ ላይ ደርሰው ቀኑን ሙሉ ቆሙ። ከመካከላቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ደህና ወለደች፣ ሌላ ጀልባ ተገኘ፤ ማንም የእኔ ጥፋት መሆኑን አላወቀም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በለቀቅሁ ቁጥር፣ ያቺን ሴት ዕቃዋ ላይ ተቀምጣ አያታለሁ። ፊቷን አላውቀውም። ሌላ ሌላ ፊት እየሰጠኋት አያታለሁ።

ሁለት መስመር ስለ አንቺ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። አምስት መስመር ሆነብኝ።

ኤሮኒ የሚሠራበት ድርጅት የማን ነው? ባለቤቶቹ የት ናቸው? ይህን ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

የእናትሽ መቃብር ሲሚንቶ ተሠራለት ወይ?

አጎትሽ፣
ናሳኒዬሊ

ሌቩካ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ ዓይንዎንም። የእናቴ መቃብር ተሠርቷል፣ ነጭ ቀለምም ተቀብቷል። በዚህ አያስቡ።

አጎቴ፣ ፈርቻለሁ። ነገሩን እንደሆነው ልጽፈው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስምንት ሰዎች ከጀልባ ወርደው ወደ ቤታችን መጡ፤ የኤሮኒ አጎት ሽማግሌው አሳኤሊ ከፊት፣ ኤሮኒ ራሱ ከሁሉ ኋላ። ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰዋል። አባቴ ከአዳር ፈረቃ ገብቶ ገና ፊቱን እየታጠበ ነበር። ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ የእንግዳ መጠጡ ካቫ ተበጠበጠ፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የጋብቻ ጥያቄ መስሎኝ፣ እውነቴን ነው፣ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ በልቤ ወንዶቹን ስቆጥር ነበር።

ከዚያ አሳኤሊ የዓሣ ነባሪውን ጥርስ አወጡ፤ የተቀበለ ሰው የተለመነውን እምቢ የማይልበትን። አሮጌ፣ ቡናማ፣ በዘይት የታሸ፣ ገመዱ አዲስ። በሁለት እጃቸው ይዘው ተናገሩ። «ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ እኛም ትንንሽ ነን። የመጣንበት ነገር ግን ለልጃችን ትልቅ ነው። በዚህ ቤት ያለችው ልጅ የያዘችውን ቁልፍ ለኤሮኒ እንድትለቁለት ነው የምንለምነው።»

ቁልፍ ሲሉ ገባኝ። ወደ አባቴ ተንፏቀቅሁ፤ ሴት ልጅ በሽማግሌ ንግግር መሐል እንደማትንፏቀቅ ያውቃሉ፣ ግን ተንፏቀቅሁ። ሳልደርስ አባቴ እጁን ዘረጋ። ጥርሱን ተቀበለ፣ አሸተተው፣ «ተቀብያለሁ» አለ። ሁሉም አጨበጨቡ።

አለቀ። እንደዚህ በአጭሩ አለቀ።

ሰዎቹ ሲወጡ፣ «አባዬ፣ ምን እንደሰጠህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የሳጥን ቁልፍ፣ የቢሮ ቁልፍ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! የአሳኤሊ እጅ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ጥርሱን በአየር ላይ አንጠልጥለው እንዲቀሩ ልተዋቸው?»

«ጋውናን ነው የሰጠኸው።»

አባቴ በቀስታ ተቀመጠ። «ያንን ሳይጠይቅ የሚገባውን?» አለ። «እሱን» አልኩት። 

ኤሮኒን ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር አገኘሁት። ከሩቁ፣ «ሙሽሪት!» ብሎ ጮኸ። «ስትንፏቀቂ አየሁሽ፤ ሸርጣን ነው የመሰልሽው!»

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?»

«አንድ መስመር ኮድ ልጨምርበት። አንዲት መስመር ብቻ፤ አንቺ ሰላም ስትዪ ከዚያ ይረዝማል።»

«ምን ትሠራለች መስመሯ?»

«ሰው ገጹን ሲከፍት ማን እንደከፈተው፣ ከየት እንደከፈተው ለቢሯችን ትነግረናለች። በቃ።»

«የማዕበል ማስጠንቀቂያውንም? የክሊኒኩንም? እርግዝናዋን የምትከታተል ሴት ቀጠሮዋን ስትከፍትም?»

«ሰው ምን እንደሚፈራ ማወቅ ለሽያጭ ጥሩ ነው» አለ። ሊሳሳቅ ነበር የፈለገው፤ ፊቱ እምቢ አለው። ባለቤቶቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። «እኔ አንድ ጊዜ በስክሪን አይቻቸዋለሁ፣ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ካሜራውን አልከፈተም» አለኝ። ይህን ነው የሚያውቀው። ቁልፉን ካመጣ የሱቫውን ቢሮ ይሰጡታል፤ ካላመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።

«እምቢ ብልስ?»

«አባትሽ ጥርሱን ተቀብሏል፣ ሚሊ።» ይህን ሲል አልቀለደም።

እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥተውኛል። ምን ላድርግ? የደብዳቤ ሳጥናችንን በቀን ሦስት ጊዜ እያየሁ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ያለችው ሴት፣ «ፍቅረኛሽ ሰነፍ ነው» አለችኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ሴኒሚሊ

ብሪዝበን፣ ማርች 14 ቀን 2019

ለሚሊ፣

ሰላም ለቤታችሁ። በዚህ ላይ ሰላምታ አላረዝምም።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ አሁን ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ወደ ሌቩካ የሚመለስ ሰው ከሰዓት በኋላ ይበራል፣ በእጁ ይሰጥሻል።

አንደኛ፦ ዛሬውኑ ቁልፉን ለውጪ። አዲስ አርባ ፊደል አውጪ። ለእኔም አትላኪልኝ። ስሜንና ኢሜይሌን ከጋውና ላይ አንሺ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ብቻ ነሽ። በእኔ በኩል የሚገባ በር እንዳይኖር።

ሁለተኛ፦ ለአባትሽ ይህን አንብቢለት። «ኤሊያሴሪ፣ ጥርሱን የተቀበልከው በቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ያልነበረህን ነገር ነው የሰጠኸው። ጋውና ከእኔ ቤት የወጣ ነው። ሚሊ በእናቷ በኩል ነው የወሰደችው። ከእናት ቤት የተወሰደ ነገር ላይ የአባት ቤት ቃል የለውም። የመጡት ሰዎች የተሳሳተ ቤት ነው የገቡት። ጥርሳቸውን መልስላቸው።»

ይህ እውነት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ያውቁታል። ለአባትሽ ግን ከባድ ነው። በእርጋታ አንብቢለት፤ ከበላ በኋላ።

አጎትሽ

ሌቩካ፣ ማርች 25 ቀን 2019

ለተከበሩት አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ሰውየው ደብዳቤዎን በእጄ ሰጠኝ፤ በመንገድ ከሸሚዙ ውስጥ ይዞት ስለነበር ላብ ላብ ይላል። ቁልፉን በዚያው ሰዓት ለወጥኩ። ስምዎንም አነሣሁ። «ናሳኒዬሊ» የሚለውን ፊደል በፊደል ሰረዝኩት፤ ከዚያ ገጽ ላይ ለአሥራ አንድ ዓመት የነበረ ስም ነው።

ለአባቴ አነበብኩለት፣ ከበላ በኋላ። «እንደገና አንብቢው» አለ። አነበብኩ። «አሁንም።» በሦስተኛው ተነሣና ጢሙን ተላጨ።

ማክሰኞ ዕለት ጀልባ ተሳፍረን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሱቫ ገባን። በመንገድ ሁሉ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው። ውስጡ የእነሱ ጥርስና የቤታችን አንድያዋ ጥርስ ነበሩ፤ ይቅርታ ባዶ እጁን አይጠየቅም ብሎ። አሳኤሊ ቤት ገብቶ ከበሩ ጀምሮ በጉልበቱ ሄደ። በዚያ ጉልበቱ! አይደግፉት፣ አያስነሡት፣ ያዩታል ብቻ። ምንጣፉ መሐል ሲደርስ ሁለቱንም ጥርስ አስቀምጦ እርስዎ የጻፉትን ቃል በቃል ተናገረ። ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰበረው፣ «ያልነበረኝን» በሚለው ላይ።

 አሳኤሊ የአባቴን ጥርስ አነሡ። «ይቅርታህን ተቀብያለሁ። እውነትህን ነው፤ ያረጀ ሰው ቤት ይስታል» አሉ። ሁሉም አጨበጨቡ፣ ካቫው ዞረ፣ አባቴ መሳቅ ጀመረ። እኔም ተንፍሼ ልነሣ ስል፣ አሳኤሊ የራሳቸውን ጥርስ እንደያዙ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲህ ወደ ባለቤቱ ቤት እንሄዳለን» አሉ።

አጎቴ፣ ወደ እርስዎ ነው የሚመጡት።

ኤሮኒን በር ላይ ያዝኩት። «ጥርስ ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱባችኋል» አልኩት። «ብሪዝበን ያሉት ዘመዶቻችን የራሳቸው አላቸው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚሊ፣ እኔን አትጥዪኝ፤ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል፤ አጎቴ አሳኤሊ አሁን ስለ ስማቸው ነው የሚሮጡት» አለ። ሊያጽናናኝ ይሆናል። ይበልጥ ነው ያስፈራኝ።

አባቴ በአውቶቡስ ሲመለስ እንደ ሕፃን ተኛ። ያለቀ መስሎታል። አልነገርኩትም።

ቁልፉ ከእርስዎ ጋር የለም፤ ስለዚህ የሚሰጡት ነገር የለዎትም፤ ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ነው። ሲመጡ እንግዳ የሚቀበሉበትን ጋራዥ አይክፈቱ። ታምሜያለሁ ይበሉ። አክስቴ ሎሳናም «ቤት የለም» ትበላቸው። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ሴኒሚሊ

ሌቩካ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2019

አጎቴ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅዎት። እስካሁን አልጻፉልኝም።

ትናንት መታገሥ አቅቶኝ ደወልኩ። አክስቴ ሎሳና ናት ያነሣችው፤ «አጎትሽ አትክልት እያጠጣ ነው» አለችኝ። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ነበር። የወንዶች ድምፅ፣ ብዙ። «እንግዳ አላችሁ?» ስላት፣ «ዝናብ ነው» አለች። ዝናብ ሲዘንብ አትክልት የሚያጠጣ ሰው የለም፣ አጎቴ።

ጋውናን ለአንድ ወር አልነካሁትም። የሚስተካከል ነገር አለ፤ አንድ የቶንጋ ልጅ ስሕተት አግኝቶ በትሕትና ጽፎልኛል። እጄን ላፕቶፑ ላይ ሳደርግ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ምንም ቢሆን።

ሚሊ

ብሪዝበን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2019

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ። ለእኔ የለኝም።

ስትደውዪ እዚሁ ነበሩ። አክስትሽን አትቀየሚያት፤ የምትለው ጠፍቷት ነው።

ጋራዡን አትክፈት ብለሽኝ ነበር። እኔም ላልከፍት ቆርጬ ነበር። ከመደወልሽ በፊት በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን፤ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አብረናቸው የምንዘምር ሰዎች፣ ልጆቻቸውን የማውቃቸው። አሳኤሊ ራሳቸው በርረው መጥተዋል፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ እግራቸው ከጫማው በላይ አብጧል። ምን ልበል? ምንጣፉን ዘረጋሁ። ሁለት ቀን ነው የተቀመጡት፤ እሑድ ካቫ ጠጡ፣ ስለ አገር አወሩ፣ ምንም አልጠየቁም። ሰኞ መጡ፣ ጠጡ፣ አወሩ፣ ሄዱ። ያ ነው የገደለኝ። ማክሰኞ ነው ጥርሱ የወጣው።

መልሴን ለቀናት ተለማምጄው ነበር። «ይህ ጥርስ ከባድ ነው፤ ልይዘው አልችልም» ልል ነበር። ሰው እንደዚያ ብሎ በክብር ያልፋል፤ አይቻለሁ። አሳኤሊ ግን ስለ ቁልፉ አልጀመሩም። ስለ እናትሽ ጀመሩ። ቀብሯን ተረኩልኝ፤ ማን ምን እንዳመጣ፣ ስንት ምንጣፍ እንደተዘረጋ፣ መዝሙሩን ማን እንዳነሣ። ከዚያ፣ «በወንድሟ ቦታ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ባዶውን ምንጣፍ እኛ ነን የሸፈንነው፤ የማንም ዓይን እንዳያየው እኔ እላዩ ላይ ተቀመጥኩበት» አሉ።

ሚሊ፣ ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሥራ አልነበረም። ፈቃድም አልከለከሉኝም። ትኬቱን ገዝቼ ነበር። አየር ማረፊያው ድረስ ሄጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ስሜን በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ጠሩ፤ እኔ ተቀመጥኩ። ሞታ ማየት ፈራሁ። በቃ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት።

እሳቸው ጥርሱን ዘረጉ። እጄ ሄደ። እኔ ሳልሆን እጄ ነው የሄደው። «ተቀብያለሁ» ያልኩትን የሰማሁት ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ ነው።

ከዚያ፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር የለም፣ ልጅቷ ዘንድ ነው አልኳቸው። «ልጅ ናት፤ የእናቷ ወንድም ካዘዛት ትሰጣለች» አሉ። ኤፕሪል ሠላሳ ሱቫ ላይ ይጠብቁሻል።

አላዝሽም። ስጪም አልልሽም፣ አትስጪም አልልሽም፤ ሁለቱንም የማለት መብቴን በዚያች እጄ አጥፍቻለሁ። ከሰጠሽ አራት ሺህ ቤት ውስጥ እንግዳ ሰው አስገብተሽ ይሆናል። ካልሰጠሽ እኔ ሁለት ጊዜ ከሐዲ ነኝ። ያቺ የኮሮ ሴት በየዕለቱ ትመጣብኛለች። አሁን የእናትሽ ፊት ነው ያላት።

ናሳኒዬሊ

የቡሬሳላ ጀልባ ላይ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2019

ለተከበሩትና ለምወድዎ አጎቴ፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ የለኝም ያሉኝን ሰላም ከእኔ ድርሻ ይውሰዱ።

ደብዳቤዎን ዓርብ ተቀበልኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ወደ እናቴ መቃብር ይዤው ሄድኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አላነበብኩላትም። ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ቤት ገባሁ።

ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልንገርዎ። መጀመሪያ የማዕበል ማስጠንቀቂያውን ገጽ ለሚጠብቀው ሰውዬ ደወልኩ። «ጋውናን ዛሬውኑ ገልብጠህ የራስህ ማሽን ላይ አስቀምጠው፤ ከእንግዲህ ከእኛ አትጠብቅ» አልኩት። «ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ?» አለኝ። የክሊኒኩንም፣ የጀልባዎቹንም ጠራሁ። የጀልባው ሰው፣ «ሰኞ ደውዪ» አለኝ፤ እኔ ሰኞ የለኝም ብዬ ጮኽኩበት፤ መልሼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አደረገው።

ቀጥሎ የቶንጋውን ልጅ እርማት አስገብቼ የመጨረሻውን ለቀቅሁ። በላዩም ጻፍኩበት፦ «ይህ ላይብረሪ እዚህ ላይ ያበቃል። ያለው ሁሉ ይሠራል። መቀጠል የሚፈልግ ገልብጦ በሌላ ስም ይቀጥል። በዚህ ስም ከዛሬ በኋላ አዲስ ነገር ካያችሁ ከእኛ አይደለም።» ሦስት ቀን አስቀምጬው ነበር፣ እንዳዘዙኝ። ሦስቱ ቀን ውስጥ ምንም አልበላሁም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ ጋውናን ለሚወስድበት የኮድ ማከማቻ ጠባቂዎች ስሙን ለዘላለም እንዲዘጉት ጻፍኩ። «ከተዘጋ ማንም በምንም ቁልፍ አይከፍተውም፣ አንቺም ጭምር፤ እርግጠኛ ነሽ? ከሆንሽ ይህን ተጫኚ» ብለው መለሱ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ሁሉን ነግሬዋለሁ፤ ስለ አየር ማረፊያው ግን አልነገርኩትም፣ ያ የእርስዎ ነው።

«ይህን ከተጫንሽ ኦክላንዶቹ ይወስዱሻል?» አለኝ። ለካ ያውቅ ነበር።

«የሚፈልጉት ጋውናን የሚጠብቀውን ሰው ነው። የሚጠበቅ ነገር ከሌለ፣ አላውቅም።»

አሰበ፤ ጉልበቱን አሸ። «ተጫኚ» አለ።

ተጫንኩ። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አጎቴ፣ እርስዎ ቃልዎን አላጠፉም። የሰጡት ነገር ነው የጠፋው፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ሱቫ ላይ ይህን እነግራቸዋለሁ። አሳኤሊ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ኤሮኒ ወንበሩን ያጣ ይሆናል፤ ከእንግዲህ ሙሽሪት ብሎ አይጮኽብኝም ይሆናል፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያመኛል። የተማረች ባለጌ ይሉኛል። ለስንት ዓመት እንደሚሉኝ አላውቅም።

መናገር ያለብኝ እኔ መሆኔን አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደምቀመጥ ግን አላውቅም ነበር። ከበሩ አጠገብ ሆና ሴት ልጅ ሽማግሌን እንዴት ትመልሳለች? አሁን ጀልባዋ ከመነሣቷ በፊት አባቴን ጠየቅሁት። ዳቦ እያኘከ ነበር፤ ውጦ እስኪጨርስ ቆየ።

«አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ፣ ምንጣፉ መሐል» አለ። «እኔ ከኋላሽ እሆናለሁ።»

አባት ከልጁ ኋላ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፣ አጎቴ። እነሱም አላዩም። ሲያዩ መጀመሪያ የሚናደዱት በእሱ ነው።

ጽሑፌ የተበላሸው ባሕሩ ስለሚንጠን ብቻ አይደለም። ነገር ግን ማን ከኋላዬ እንዳለ አውቃለሁ፤ የእርስዎም ምንጣፍ ነገ ባዶ አይሆንም፤ እኔ እቀመጥበታለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ሴኒሚሊ